ቀይ መብራት የተከለከለባት ሞተሬ

ለተከበሩ የተሽከርካሪ ምርመራ ክፍል ኃላፊ፣

ጉዳዩ፦ ሞተሬን ሕግ አክባሪ ስላደረጉልኝ ምስጋና ስለማቅረብ

ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ለእርስዎም ለቤተሰብዎም ፍጹም ጤንነት እየተመኘሁ፣ ወንበርዎም እንዳልጎረበጠዎት ተስፋ በማድረግ፣ ከውድ ጊዜዎ ጥቂት ስለምሻማዎት በትሕትና ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ባለቤቴ አዋላጅ ነርስ ናት። ዳገቱ ላይ ካሉት ቤቶች ምጥ ተፋፋመ ተብሎ ሲደወል ከኋላዬ አፈናጥጬ የማደርሳት እኔ ነኝ። በቅርቡ የሞተሬ የጭስ ማውጫ፣ ማርሚታዋ፣ ዝጎ ስለተበሳ ቀየርኩላት፤ አዲሱ ጭሱን በደንብ ስለሚያስወጣ ቤንዚን አነሳትና ታስል ጀመር። መካኒኩ የቤንዚኑን መጠን የሚያስተካክል የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ እንድገጥምላት መከረኝ። በኮምፒውተር የሚታዘዝ አለ፤ እኔ ግን ኮምፒውተር ተሸክሜ ዳገት ስለማልወጣ ሦስት መብራትና ጥቂት ቁልፎች ብቻ ያሉትን መረጥኩ። አረንጓዴው በዝግታ ስንሄድ፣ ቢጫው ፍጥነት ስንጨምር፣ ቀዩ ደግሞ በሙሉ ኃይሏ ስትጎትት የሚጨመርላትን ቤንዚን ያሳያል። ባለቤቴን ከነቦርሳዋ ጭኜ፣ ዳገቱን ስወጣና ስወርድ፣ ቁልፎቹን ነካ ነካ እያደረግኩ የየመብራቱን ቤንዚን ሳመጣጥን ዋልኩ። በመጨረሻም ሽቅብ ስትፈተለክ ደስታዬን አልቻልኩትም።

ከዚያ እርስዎ ዘንድ ለዓመታዊ ምርመራ መጣሁ። የሆነውን በቅደም ተከተል አቀርባለሁ፦

1. ዕድሜዎን መስቀለኛ መንገድ ላይ ትራፊክ ሲያስተናግዱ ኖረው ወደዚህ ቢሮ እንደመጡ አውቃለሁ። ስለሆነም ቀዩ መብራት እየበራ ሞተሬ ለምን እንደማትቆም በቁጣ መጠየቅዎ የልምድዎን ጥልቀት ያሳያል። የቀዩን ቤንዚን እስከ ታች ቀንሰው፣ የአረንጓዴውን እስከ ላይ ጨምረው ስላረሙልኝ እጄን በአፌ ጭኜ አመሰግናለሁ።

2. ላስረዳ አፌን ስከፍት ዕቃውን በሽቦ አስረው ስላሸጉልኝ ከብዙ ንግግር አድነውኛል። ዕድሜ ይስጥልኝ።

3. አሁን ሞተሬ ሜዳ ላይ ጥቁር ጭስ እየተፋች ትሄዳለች፤ ዳገት ላይ ትንፋሽ ያጥራትና ቀጥ ትላለች። ትናንት ባለቤቴ ከዳገቱ ወገብ ላይ ወርዳ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ሮጠች። ስትደርስ ሕፃኑ ቀድሟት ጎረቤት እጅ ላይ ተወልዶ ጠበቃት። ተመስገን፣ እናትም ልጅም ደህና ናቸው። እኔ ግን በጣም ደንግጫለሁ፤ ተናድጃለሁም። የሚቀጥለው ሕፃን እንደዚህኛው ቸር ላይሆን ይችላል።

4. ሽቦው እንዲፈታልኝ ዛሬ ጠዋት ብመጣ ጉዳዩ በኮሚቴ እንደሚታይ ነገሩኝ። ኮሚቴው ሲሰበሰብ ዳገቱ ላይ ቢሆን፣ በእኔ ሞተርም ቢመጣ፣ ውሳኔው የሚፈጥን ይመስለኛል።

ቆራጥነትዎን እያደነቅኩ፣ የሽቦዎን መፈታት በትዕግሥት የምጠባበቅ፣ በሜዳ ሕጋዊ በዳገት እግረኛ ያደረጉኝ አክባሪዎ፣

የአዋላጇ ባል

ድኅረ ጽሑፍ፦ በምርመራው ዕለት የሴት ልጅዎ የመውለጃ ወር እንደገባ በደስታ ስለነገሩኝ እንኳን ደስ አለዎት። ቤቷ ዳገቱ ጫፍ ላይ በመሆኑ ስትጠራ የምትመጣላት ባለቤቴ ናት። ከዳገቱ ወገብ ወዲያ በእግሯ ስለምትሆን፣ ምጡ እስክትደርስ ድረስ እንዲታገስ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ከወዲሁ ቢጽፉለት መልካም ነው።