ሁለተኛው ወንበር

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 9 ቀን

ለልጄ ለላባ፣

እንዴት ነሽ? እናትሽ ጉልበቴን ከማለቷ በቀር ደህና ናት። እኔም አለሁ፤ ሰው ጸጉር ማብቀሉን እስካልተወ ድረስ ጸጉር አስተካካይ ሥራ አይፈታም።

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። «ልመለስ ወይ?» ብለሻል። የሰፈሩ ማኅበር ሴት ወንድን አትላጭም እንዳለ ነው፤ ጸጉር ቤታችን ደግሞ የማኅበሩ ነው። ስብሰባው ላይ አፌን ሞልቼ ተሟግቼልሻለሁ። «እጇ የራሷ ነው፤ ደስ ያላትን ትሥራበት» አልኳቸው። ሊቀመንበሩ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «እጁ የሷ፣ አንገቱ ግን የኛ።» ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፤ ምን ላድርግ፣ የምኖረው ከሰው ጋር ነው።

ያንቺን ወንበር አውጥቼዋለሁ። ደንበኛው ባየው ቁጥር «ላባ የት ሄደች? የሷ እጅ እኮ አይሰማም» ይለኝ ነበር። ሰለቸኝ። እውነቱን ልንገርሽ፣ አንቺ እያለሽም ሰልችቶኝ ነበር። ሃያ ስምንት ዓመት የላጨሁት ሰው፣ የኔ ወንበር ባዶ ሆኖ ሳለ፣ አግዳሚው ላይ ቁጭ ብሎ አንቺን ሲጠብቅ ማየት ያንገበግባል። አባት ብሆንም ሰው ነኝ።

ባለፈው ሳምንት የሊቀመንበሩን ጆሮ ቆረጥኩት። እጄ ብሶበታል፤ ምላጭ ስይዝ ይንቀጠቀጣል። ደሙን በፎጣ ይዞ «አይዞህ፣ ደንብ ከጆሮ ይበልጣል» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ግን ጢሙን አሳድጓል።

«ማን ነው የከሰሰኝ?» ላልሽው፣ እኔ ምን አውቄ? ስም የሌለው ወረቀት ነው በማኅበሩ በር ሥር የገባው። ሊቀመንበሩ አሳይቶኛል። ፊደሉ ሁሉ የተንቀጠቀጠ ነው። «የፈራ ሰው ጽሑፍ ነው» አለኝ፤ ልክ ነህ አልኩት። የሆነው ሆኗል፣ ነገር አታብዢ።

እዚያው ሁኚ። ጸጉር የትም አለ። እናትሽ መቼ ነው የምትመጣው እያለች ስትነዘንዘኝ፣ እምቢ ብላለች ብያታለሁ። አልቅሳ ወጣላት። አንቺም ብትጠይቅሽ እንዲያው በያት፤ ውሸታም አታድርጊኝ።

እጅሽ ይባረክ፤ የነካሽው ሁሉ ይለምልምልሽ። ጽሑፌ ለማንበብ ቢያስቸግርሽ ይቅር በይኝ።

የክሱን ግልባጭ ሰጥተውሻል አሉ። ይህን ደብዳቤ ከሱ ጋር አንድ ላይ አታስቀምጪው።

አባትሽ