የአያቴ ጃንጥላ በፌርፋክስ

ውድ አባዬ፣

ሁለት ወር ሙሉ ስልኬን አላነሳህም፤ ስለዚህ ጻፍኩልህ። እንደምን ሰነበትክ ብልህ «ምን አገባሽ!» እንደምትል አውቃለሁ።

የስቴት ምክር ቤት ተወካያችን ወንበሩን በመሃል ሲለቅ ለማሟያ ምርጫው እወዳደራለሁ ያልኩህ ቀን «ፖለቲካና ኮረንቲን በሩቁ!» ብለህ፣ ሻንጣህን አንጠልጥለህ ቫን ናይስ ያለችው አክስቴ ጋ ገባህ። በጣም ነው የተናደድኩብህ። ግን ፍርሃትህ ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። አያቴም በንጉሡ ጊዜ ፓርላማ የገቡት በማሟያ ምርጫ ነበር፤ ደርግ ሲመጣ በዚያችው ወንበር ሰበብ ታሰሩ። ስንቅ ያመላለስከው አንተ ነህ።

እና ስማኝማ። የሐበሻው ሰፈር ፌርፋክስ ቅስቀሳ ስወጣ እትዬ ወሰንየለሽ ሱቃቸው በር ላይ ያዙኝ።

«ምልክትሽ ምንድን ነው?»

«እዚህ ምልክት የለም እትዬ፤ ስሜ ነው ያለው።»

«ውይ! ያለ ምልክትማ ማን ይመርጥሻል!»

ጎረቤታቸው ጋሼ መኩሪያም ያንኑ ጠየቁኝ። ለካ የእናንተ ዘመን ሰው የሚመርጠው በምልክት ነው! ቢቸግረኝ አያቴ የተመረጡበትን ጥቁር ጃንጥላ በራሪ ወረቀቴ ላይ አሳተምኩት። አባዬ፣ ብታይ! በዚያ ፀሐይ ሽማግሌው ሁሉ ጃንጥላ ይዞ ወጣ። እትዬ ወሰንየለሽማ ከምርጫው ዕለት ቀድመው ሊመርጡ ሄደው፣ ድምፅ መስጫው ላይ ስሜ አጠገብ ያለችውን ክብ ማጥቆር ትተው አሳምረው ጃንጥላ ሣሉበት! ደግነቱ ገና አላስገቡትም ነበር፤ ጣቢያው ሌላ ወረቀት ሰጣቸው። «የለፋሁበትን ቀሙኝ» ብለው አኮረፉ።

ማሸነፌን እንጃ። የተፎካካሪዬ ፎቶ የሌለበት መንገድ የለም። እኔን የሚያንገበግበኝ ግን እሱ አይደለም፤ ሳትመርቀኝ መወዳደሬ ነው።

ትናንት እትዬ ደወሉልኝ። «አባትሽ ደውሎልኝ ነበር» አሉኝ።

«ምን አለ?»

«‹ምልክቷ ምንድን ነው?› አለኛ። ጃንጥላ ነው አልኩት። ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ ሃሎ፣ ሃሎ ስል ‹ጥቁሩ ነው?› አለኝ።»

ሳቅኩም አለቀስኩም።

አዎ አባዬ፣ ጥቁሩ ነው።

ድምፅ መስጫህ እዚህ ቤት በፖስታ መጥቷል፤ አልከፈትኩትም። ማክሰኞ፣ የምርጫው ዕለት ጠዋት ይዤልህ መጥቼ፣ አክስቴ ፎቅ ሥር ፓርክ አድርጌ እጠብቅሃለሁ። የፈለግከውን ምረጥ። ብቻ ውረድልኝ።

ልጅህ፣
አይዳ ዳኛቸው