በሻንጣ የሚመጣው መድኃኒት

ይድረስ ለታናሽ እህቴ፤

ጤናሽ እንዴት ነው? ሥራውስ እንዴት ይዞሻል? ያ ወገብሽ ተሻለሽ ወይ? ባለቤትሽስ፣ ትንሿ ልጅሽስ ደህና ናቸው? ጥርስ አበቀለች ብለሽ ነበር፤ ይኼኔ ያገኘችውን እየነከሰች አስቸግራችሁ ይሆናል። እኔና ባለቤቴ ፈጣሪ ይመስገን ቆመን እንሄዳለን። «ሁላችንም ደህና ነን» ብዬ ልጽፍልሽ ስል ግን እጄ እምቢ አለኝ። እማዬ ለጥቂት ነው የተረፈችልን።

በስልክ ያልነገርኩሽ ወድጄ አይደለም። ስትደውዪ እሷ ትቀድመኛለች፤ እኔ ስቀበላትም አጠገቤ ቁጭ ብላ አፍ አፌን ታየኛለች። «ትንሽ ሆዷን አሟት ነበር» ብዬ ያለፍኩት ሆድ ይፍጀው ብዬ ነው። አሁን ያንቺን ዕቃ ያመጣችው ሴትዮ ነገ ስለምትመለስ፣ ይህን በእጇ ልልክልሽ ብዬ ከስፌት መኪናዬ ላይ ጨርቁን ገፋ አድርጌ ተቀመጥኩ። ደንበኛ ይጠብቅ።

ነገሩ ያ በሰው ሻንጣ የምትልኪው መድኃኒት ነው። እዚያ ውጭ አገር በምታጸጂው የአረጋውያን መጦሪያ፣ አንዱ ሲሞት ወይም ሲሻለው የተረፈውን ኪኒን «ጣዪው» ሲሉሽ አንጀትሽ አልችል ይልና ትሰበስቢዋለሽ። «እናንተ ጋ ብርቅ ነው፣ እዚህ ቆሻሻ ውስጥ ይገባል» ብለሽ የነገርሽኝ ራስሽ ነሽ። እማዬ ይህን አታውቅም። ለእሷ አንቺ ሐኪም ነሽ። «ሐኪሜ ላከችልኝ» እያለች፣ ጥርሷን ሲያማት ከቀይና ቢጫው፣ ጉንፋን ሲይዛት ከነጩ፣ ጉልበቷን ሲቆረጥማት ደግሞ እጇ ከገባው ትውጣለች። ሻል ሲላት የቀረውን በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ለክፉ ቀን ታስቀምጣለች። ሰፈሩ «ፋርማሲ» ብሎ ሰይሟታል፤ እሷም ደስ ይላታል እንጂ አትቀየምም።

ተከራያችን ጡረተኛው ሹፌር ጉሮሮዬን አመመኝ ቢሏት አንድ ፍሬ ሰጠቻቸው። ፊታቸው ተነፍቶ፣ ትንፋሽ አጥሯቸው፣ ባለቤቴ በጀርባው አዝሎ ነው ሐኪም ቤት ያደረሳቸው። ፔኒሲሊን እንደማይስማማቸው ያወቁት ያን ዕለት ነው። እግዜር አተረፋቸው። እማዬ ምን ብትል ጥሩ ነው? ሰውነታቸው ጥሩ መድኃኒት ስላልለመደ ነው አለች። እኔም እንደ ሞኝ ሳቅሁ።

ከዚያ ተራው የእሷ ሆነ። ለጥርሷ ብላ የጀመረችውን ስትውጥ ሰንብታ ሆዷ ተበጠበጠ። ውኃ ብቻ ሆነ የሚወጣት። ቁርጠቱ ሲነሳባት ጉልበቷን አገጯ ድረስ ታጥፋለች። ደግፌ ሽንት ቤት አድርሻት ሳልመለስ እንደገና ትጠራኛለች። ክሊኒክ ስወስዳት ዶክተሯ መጀመሪያ የጠየቀቻት ሰሞኑን አንቲባዮቲክ ወስደው ነበር ወይ ብላ ነው። እማዬ እኔን ውኃ አምጪልኝ ብላ ከክፍሉ አስወጥታኝ ነበር፤ በኋላ እንደ ሰማሁት «እኔ መድኃኒት አልወድም» ብላ መለሰችላት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ እኛ ቤት ግን የተደበቀው መድኃኒቱ ራሱ ነው። ለምን እንደዋሸች ስጠይቃት፣ የልጇ እጅ ነው ብለው እንዲያሙሽ እንደማትፈልግ ነገረችኝ። ስምሽን ልታድን ነበር፣ ገባሽ?

ዶክተሯ እንደ ተራ የሆድ ሕመም አይታ ሌላ አንቲባዮቲክ አዘዘችላት። ከድጡ ወደ ማጡ ሆነ። ከንፈሯ ደርቆ፣ ሽንቷ ቆሞ፣ ሰው መለየት ሲያቅታት ሆስፒታል አስገባናት። ኩላሊቷ ደክሟል አሉን። ያኔ ነው ቤት ሮጬ ያን የብስኩት ቆርቆሮ አምጥቼ የሆስፒታሏ ዶክተር ጠረጴዛ ላይ የዘረገፍኩት። ዶክተሯ አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። አንድ በአንድ እያገላበጠች አይታ እንዲህ አለችኝ፦

«መድኃኒቱ መጥፎ አይደለም። ሲያስፈልግ ነፍስ ያድናል። ግን ክፉውን ብቻ መርጦ አይገድልም፤ ሆድ ውስጥ ሆነው የሚጠብቁንንም ይጨርሳቸዋል። ዘበኛ በሌለበት ግቢ ሌባው ብቻውን ይሰለጥናል።»

ለዚያው ለሌባው የሚሆን ሌላ መድኃኒት ተገኝቶላት፣ በግሉኮስ ተደግፋ ነፍሷ ተመለሰ። ወደ ቤት ልንመለስ ስንል ዶክተሯ እኔን ለብቻዬ ጠርታ፣ ይህ በሽታ ተመላሽ ነው፣ ያለ ትእዛዝ አንድ ፍሬ እንኳ ብትውጥ ሁለተኛ ላትነሳ ትችላለች አለችኝ።

ይኸው ሰሞኑን ደግሞ ሌላ ከረጢት መጣ። እማዬ ከሴትዮዋ እጅ ተቀብላ ትራሷ ሥር ከትታዋለች። ለምኛታለሁ፣ ተቆጥቻታለሁ፣ አልቅሼባታለሁ፤ ጆሮ ዳባ ልበስ ብላኛለች። ልጄ በላከችልኝ ትቀኛለሽ አለችኝ። እውነቷን ነው፣ እቀናለሁ። የሰገራ ጨርቅ ያጠብኩት እኔ፣ «ሐኪሜ» የምትባዪው አንቺ። አንቺ ከሩቅ ሆነሽ ትወደጃለሽ፤ እኔ አጠገቧ ሆኜ ክፉ እባላለሁ። ክፋትሽ አይደለም፣ አውቃለሁ፤ ስለ ወደድሻት ነው የላክሽው። ግን ፍቅርሽ ሊገድላት ነበር፤ ይህን ሳልነግርሽ ብቀር እኔም አብሬሽ ገዳይ እሆናለሁ።

ስለዚህ ደብዳቤው እንደ ደረሰሽ ደውዪላት። ከእኔ አትሰማም፣ ካንቺ ግን ትሰማለች። ሐኪም አይደለሁም፣ ወለል ጠራጊ ነኝ፣ የላኩልሽ የማላውቃቸው ሰዎች ትራፊ ነው፣ ጣዪው በያት። ታፍሪያለሽ፤ እፈሪ። እኔ ያፈርኩትን አፍሬ ጨርሻለሁ። ሌላ ሻንጣ ካገኘሽም ፎቶሽን ላኪላት፣ ወይ ሹራብ ላኪላት፤ ሹራብ አይዋጥም።

ባለቤትሽን ሰላም በይልኝ። ልጅሽን ጉንጯን ሳሚልኝ። ባለቤቴ እጅ ነስቷል፤ ስለ ወገብሽም ከባድ ነገር አታንሺ ብሎሻል። ሹፌሩ፣ ኪኒንሽ ሳይሆን አንቺ ናፍቀሽኛል በዪልኝ ብለዋል። እማዬ አሁን ከአልጋዋ ሆና ለማን እንደምጽፍ ጠየቀችኝና መልእክት ጨምሪልኝ አለች። ቃሏን እንዳለ ላድርስ፦ «ሰላም በዪልኝ። ሐኪም ቤት ሊገድለኝ ነበር፣ ያዳነኝ ያንቺ መድኃኒት ነው። አዲሱን ነገ እጀምራለሁ፤ ሳያልቅብኝ ላኪልኝ።»

ታላቅ እህትሽ
ከእማዬ ቤት
ኅዳር ፲፬ ቀን