የጋሼ ሆድ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9
ከሕፃናቱ ክፍል

ለምወድህ ልጄ፣

እንዴት ሰነበትክ? የምትሠራበት ካምፕ ያለበት ቦታ ብርዱ ይከፋል ሲሉ ሰምቻለሁ። ሚስት አግብቶ ልጅ የወለደን ሰው «ካልሲ ደርበህ ተኛ» ብሎ መምከር አባት ካልሆነ በቀር የሚደፍረው የለም፤ ስለዚህ ደርበህ ተኛ። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ደረጃ ባየ ቁጥር ያጉረመርማል እንጂ ሌላ ምንም የለብኝም።

መደወል ካቆምክ ሰነባበተ። ኔትወርኩ አስቸጋሪ ነው ብለኸኝ ስለነበር አልተቀየምኩም። ደብዳቤ ይሻላል አልኩ፤ ደብዳቤ መሃል ላይ አይቋረጥም።

መጀመሪያ ዋናውን ልንገርህ። ልጅህ አለ። ይጠጣል፣ እየወፈረም ነው። አሁን የቀረውን ረጋ ብለህ አንብብ።

ነርሶቹ «ጋሼ» ይሉታል። ከሁለት ወር በላይ ቀድሞ ስለመጣ አንዷ ነርስ «ለቀጠሮ የማያረፍዱ ትልቅ ሰው ናቸው» ብላ አወጣችለት፤ ከዚያ ወዲህ ሁሉም በአንቱታ ነው የሚያወሩት። «ጋሼ ዛሬ በሰላም አደሩ።» «ጋሼ ዳይፐራቸውን ጉድ አደረጉት።» ዕድሜ ልኬን የሰው ጭንቅላት በእጄ ይዤ ጸጉር ስቆርጥ ኖሬያለሁ፤ እንዲህ ያለ ጭንቅላት ግን አይቼ አላውቅም። ብርቱካን ያክላል። ጸጉሩ አናቱ ላይ ሁለት ቦታ ይዞራል፣ ልክ እንዳንተ። ሲያድግ ለመቁረጥ የሚያስቸግር ጸጉር ነው።

ሚስትህ የወለደችበት የቀዶ ሕክምና ቁስል አመርቅዞባት ከአልጋ መነሳት አልቻለችም ነበር። ሕፃኑ ደግሞ ከሚተኛበት የማሞቂያ ማሽን ሙቀት ሌላ የሰው ገላ ሙቀት ያስፈልገዋል። አንድ ቀን ነርሷ ወደ እኔ መጥታ «አባባ፣ ሸሚዝዎን ያውልቁ» አለችኝ።

«ምን አጠፋሁ?» አልኳት።

እስክትጠግብ ሳቀች። ደረቴን በሳሙና ታጥቤ ወንበር ላይ ተቀመጥኩና ጋሼን ከነቱቦዎቹ አስተኙልኝ። ልጄ፣ አንድ እፍኝ ዱቄት ያህል እንኳ አይከብድም። የምረብሸው መስሎኝ ትንፋሼን ያዝኩ። ነርሷ «ይተንፍሱ እንጂ አባባ! እሳቸው እኮ ከእርስዎ ነው የሚማሩት» አለችኝ።

እንግዲህ ያልነገርኩህን ልንገርህ። አንድ ጠዋት ስመጣ ሆዱ እንደ ከበሮ ተነፍቶ፣ ቆዳው ተወጥሮ ያብረቀርቃል። በቱቦው የሚመለሰው ወተት አረንጓዴ ሆኗል። ዶክተሯ «አንጀቱ ተቆጥቷል» አለች። ወተት ተከለከለ፣ በደም ሥሩ መድኃኒት ተጀመረ፤ ካልበረደለት ሆዱ ሊከፈት እንደሚችልም ነገረችን።

ኮሪደሩ ላይ ተከትያት ሄድኩና አንተ በስልክ የጠየቅከኝን ጠየቅኳት። «ጭንቅላቱስ ደህና ይሆናል?» አልኳት። አንተ ስትጠይቀኝ መልስ ሳልሰጥህ ነው መስመሩ የተቋረጠው። መልሱ ይኸውልህ።

ዶክተሯ አግዳሚው ላይ አጠገቤ ተቀመጠች። ልጁ በጊዜው የተወለደ ከሆነ ከእናቱ ገላና ወተት ደጋግ ባክቴሪያዎች ቶሎ ወደ ሆዱ ይገባሉ አለችኝ። ያለጊዜው የመጣው ግን በቀዶ ሕክምና ወጥቶ፣ መድኃኒት እየወሰደ፣ መስታወት ውስጥ ሲያድግ ሆዱ ወና ቤት ይሆናል፤ ወና ቤት ደግሞ ማን እንደሚገባበት ይታወቃል። ክፉዎቹ ከበዙ አንጀት ይቆጣል፤ ቁጣውም በደም ተጉዞ ገና ያልጠነከረውን አንጎል ሊጎዳ ይችላል። ደጎቹ ሲበረክቱ ግን አንጎሉም በደንብ እንዲያድግ ሳያግዙት አይቀሩም። «ገና እየተጠና ያለ ነገር ነው፤ ሁሉንም አናውቅም» አለችኝ። አላውቅም የምትል ሐኪም ደስ ትለኛለች።

ይህንኑ ጸጉር ቤቴ ውስጥ ሳወራ፣ ጺሙን የምላጨው ልብስ ሰፊ ከነሳሙናው ቀና ብሎ «ደግሞ ሆድና ጭንቅላት ምን አገናኛቸው?» አለኝ።

«አንተ ሲርብህ ከሚስትህ ጋር ትጣላ የለ?» አልኩት። ሌላው ደንበኛ ሁሉ ሳቀበት። እኛስ ብንሆን ሆዴ ባባ፣ ሆዴን ባር ባር አለው፣ ቂም በሆዱ ያዘ ስንል አይደል የኖርነው?

የከበደው የሚስትህ ነገር ነበር። ወተቱ ሲከለከል «የጎዳሁት እኔ ነኝ፣ የኔ ወተት ነው» ብላ ጡቷን ማለቧን ተወች። ዶክተሯ አይደለም ብትላትም አልሰማችም። እሷና እኔ ከሰላምታ ያለፈ ወሬ እንዳልነበረን ታውቃለህ፤ እኔ አክብሮት ነው እላለሁ፣ እሷ ምን እንደምትለው አላውቅም። ያን ቀን ግን አልጋዋ አጠገብ ተቀመጥኩና አማት ለምራቱ የማያወራውን አወራሁ።

«ልጄ፣ ይቁም ካልሽ ይቁም። ግን ያ መድኃኒት ደጉን ከክፉው አይለይም፤ ሁሉንም ጠራርጎ ነው የሚያወጣው። ሲጨርስ ያንን ሆድ ማን ይሙላው?»

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። «ደክሞኛል አባባ» አለች።

«ጠርሙሱን እኔ አጥባለሁ» አልኳት።

ቆይታ ቆይታ እጇን ወደ ጡት ማለቢያው ስትሰድ እኔ ወደ መስኮቱ ዞርኩ።

ይኸው ጠርሙስ አጣቢ ሆኜ ቀረሁ። ወተቱ ማቀዝቀዣ ውስጥ ተጠራቀመ። የጋሼ ሆድም ቀስ በቀስ ሟሸሸና ቀዶ ሕክምናው ቀረ። ወተት እንደገና ሲጀመርለት በጠብታ ነበር። ሚስትህ በተሽከርካሪ ወንበር መጥታ ቱቦውን ዓይኗን ሳትነቅል ታያለች። ነርሷ ሆዱን ዳሰስ አድርጋ «ጋሼ ተስማምቷቸዋል፤ ይጨመር ብለዋል» ስትል ሚስትህ ሳቅና ለቅሶ ቀላቀለች። አንጀቴን በላችው።

ባለፈው ሳምንት በእርግብግቢቱ በኩል አንጎሉን በአልትራሳውንድ አዩለት። መጀመሪያ ላይ ትንሽ ደም ፈሶ ነበር፤ አሁን የለም። ዶክተሯ ግን ቃል አልገባችም። «ሲቀመጥ፣ ሲራመድ፣ ሲናገር እያየን ነው የምናውቀው። ረጅም ክትትል አለው» አለችኝ።

«ግድ የለም ዶክተር፣ እኔም ልጄን አግብቶ ወልዶ እንኳ ገና እየተከታተልኩት ነው» አልኳት። ቀልድ ነው፣ አትቀየመኝ።

ያ ክሬን ነጂው ጓደኛህ ለእረፍት መጥቶ ጸጉሩን ሊቆረጥ ብቅ ብሎ ነበር። ካምፑ ሚስቱ ለወለደችለት ሰው ፈቃድ እንደማይከለክል አጫወተኝ። መቀሴ ጆሮው አካባቢ ስለነበር መቁረጤን ቀጠልኩ።

ሚስትህ ስላንተ ክፉ ቃል አልወጣትም። ነርሶቹ የሕፃኑን ስም ሊጽፉ ሲጠይቋት «አባቱ ያወጣለታል» ትላለች፤ ሌላ አትጨምርም።

አሁን ድናለች፣ እሷም ታቅፈዋለች። ዛሬ ጠዋት ተራ ስንቀያየር ነርሷ ያለችንን ልጻፍልህና ላብቃ። ሰው ሁሉ ገላው ላይ የየራሱ ባክቴሪያ አለው አለች፤ ጋሼ የሚገቡት ወደ ቤተሰብ ነውና የቤተሰቡን ገላ ከአሁኑ ቢለምዱት ደግ ነው። «እናትየውን ለመዱ፣ አያትየውንም ለመዱ» አለችና ስለቀረው ሰው ልትጠይቅ ስትል ሚስትህን አይታ ተወችው።

እኔም ልተወው። እሱን ለማቀፍ የሚያስፈልገው የታጠበ ደረትና ትንሽ ትዕግሥት ነው። ፈርቶ መቀመጥም ይቻላል፤ እኔም እንደፈራሁ ነበር የተቀመጥኩት።

መንገድህን ያቅናልህ፣ ከምትነዳው ማሽን ይጠብቅህ፣ ልብህን ያሳርፍልህ። አንተን ያሳደገልኝ እሱንም ያሳድግልህ።

አባትህ

በፊደሌ መንጋደድ እንዳትስቅ። አንዱ እጄ የልጅህን ጀርባ ይዟል።