ያልተጠራሁበት ዳቦ

ሰኞ

ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ቀደድኩት። «ይድረስ ለወንድሜ ለአለምነው፣ እንደምን ሰንብተሃል፤ እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ» እስከሚለው ድረስ ብዕሩ ይሄዳል። ከዚያ ይቆማል።

ጠዋት ልጁ ትዕግሥት ከደብረ ኤልያስ ደውላ ነበር። «ጋሼ፣ አባባ የልጆቹን ዋንጫ ሰምቶ እንቅልፍ አጥቷል። በዓሉ እንዴት ነበር እያለ ይጨቀጭቀኛል። በስልክ እንዳይነግሩት ጆሮው አይሰማም። እባክዎ ይጻፉለት።» ዓርብ ለጉዳይ ማርቆስ ትመጣለች። መናኸሪያ አምጥቼ እሰጥሻለሁ አልኳት። እሺ ማለት ምን ያስቸግራል።

ችግሩ፣ በዓሉ ላይ አልነበርኩም።

የእኛ ከተማ የአምበር ልጃገረዶች በመረብ ኳስ ወረዳዎቹን ሁሉ ረትተው ያመጡትን ዋንጫ ትናንት በትምህርት ቤቱ ሜዳ አከበሩ። ቤቴ ከሜዳው ሁለት መቶ እርምጃ አይሞላም። ሸሚዜን ተኩሼ፣ ጫማዬን ጠርጌ፣ በር ላይ ቁጭ አልኩ፤ የሚጠራኝ ይመጣል ብዬ። ከበሮው መጣ፣ ሰው አልመጣም። ያንን ቡድን ያቋቋምነው እኔና አለምነው ነን። የመጀመሪያውን መረብ ከሲባጎ የቋጠርነው በገዛ ጣቶቻችን ነው። ከመምህርነት ጡረታ ከወጣሁ ሁለት ዓመቴ፤ ሰው በሁለት ዓመት እንዲህ ይረሳል? ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት ይላሉ። እኔ እንደዚያ ዓይነት ሰው አይደለሁም። አመሻሽ ላይ ሸሚዜን አውልቄ ሰቀልኩት።

ማክሰኞ

ወሬ ለቀማ ወጣሁ። ፀጉር አስተካካዩ ዘንድ ገባሁ፤ የሚቆረጥ ፀጉር ኖሮኝ አይደለም። ሰውየው ወሬ ከጀመረ መቀሱን ይረሳል። ከሱቁ በር ሆኖ ያየውን ሁሉ ነገረኝ፤ እኔም እንዳየ ሰው ራሴን እነቀንቅ ነበር። ያገኘሁት፦

ዋንጫው በባጃጅ ከተማውን ሦስት ጊዜ ዞረ።
የአንዷ እናት ስትጨፍር ጫማዋ ተበጠሰ፤ በባዶ እግሯ ጨረሰች።
ዝናብ ሊጥል ብሎ ተወው።
ዳቦው ትልቅ ነበር፣ ግን ሳይቆረስ ስለዘገየ እሱ ሳይቀምስ ቀረ። ለምን እንደዘገየ አያውቅም።

ቤት ገብቼ ሁለት ገጽ ሙሉ ጻፍኩ። «የአንተን ስም አንስተን አጨበጨብን» አልኩ። «ዳቦውን እኔ ቆረስኩ፤ የመጀመሪያውን ቁራሽ በአንተ ስም አነሳሁ» ብዬም ጨመርኩ። አንድ ቃል እንኳን አልሰረዝኩም። አይ ደምለው፣ አልኩ ለራሴ።

ረቡዕ

ደብዳቤውን ደግሜ አነበብኩት። ያምራል። ያስጠላኝም ለዚህ ነው።

ዛሬ ያናገርኩት ሰው አንድ ብቻ፤ የመብራት ቆጣሪ ሊያነብ የመጣው ልጅ። ቁጥሩን አይቶ «ብቻዎን ነው የሚኖሩት?» አለኝ። አዎ አልኩት። ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ከሁለቱ አምፖሎች አንዱን አብርቼው አላውቅም። ልጅ አልወለድንም። እሷ «አንተ ምን ቸገረህ፣ ሜዳ ሙሉ ሴት ልጅ አለህ» ትለኝ ነበር። እሑድ የከፋኝ ለዳቦ አይደለም። ብቸኝነት ነው፤ ሌላ ስም አልፈልግለትም።

ሐሙስ

ረፋድ ላይ በሩ ተንኳኳ። የሺ ናት፣ የቡድኑ አምበል። ሰባተኛ ክፍል ሳለች ኳስ ያስያዝኳት እኔ ነኝ። በእጇ ፌስታል ይዛለች። ግቢ ብላት አልገባ አለች።

«ጋሼ፣ ምን አስቀየምንዎት?»

«ማን ጠራኝ?» አልኳት።

«ባለቤት ይጠራል እንዴ? ወረቀት የላክነው ለእንግዳ ነው።»

ከስምንት ሰዓት እስከ አስራ አንድ ሰዓት ዳቦውን ሳይቆርሱ ጠብቀውኛል። ወንበሬ ከፊት፣ ቢላዋው ከዳቦው አጠገብ። አንዷ ልጅ ሮጬ ልጥራቸው ስትል የሺ ከለከለቻት፤ በገዛ ቤታቸው እንግዳ እናድርጋቸው? ብላ። ሲመሽ ቄሱ ባርከው ቆረሱት። እሷ እልኸኛ፣ እኔ እልኸኛ። ከማን እንደተማረችው አውቃለሁ።

ፌስታሉ ውስጥ ድርሻዬ ነበር፤ ኮባው ከስሩ እንደተጣበቀ፣ ድንጋይ የሆነ የአራት ቀን ዳቦ። አኩርፋ እንደመጣች አኩርፋ ሄደች። በሩን ዘግቼ አለቀስኩ። ስድሳ ሁለት ዓመቴ ነው።

ዓርብ

ሁለቱን ገጽ ቀድጄ አንድ ገጽ ጻፍኩ።

«አለምነው ወንድሜ፣ በዓሉ ላይ አልነበርኩም። ሸሚዝ ለብሼ በር ላይ ጠሪ ስጠብቅ እነሱ ቢላዋ አስቀምጠው እኔን ይጠብቁ ነበር። ስለ ባጃጁና ስለተበጠሰው ጫማ የምነግርህን ከፀጉር አስተካካዩ ነው የሰማሁት። ዳቦው ግን የበዓሉ ዳቦ ነው፤ ግማሹን ልኬልሃለሁ። ደርቋልና በሻይ ንከረው።»

ማርቆስ መናኸሪያ ሄጄ ለትዕግሥት ሰጠኋት። ፌስታሉን ዳብሳ «ይሄ ምንድን ነው ጋሼ፣ ድንጋይ ነው?» አለች። ድርሻው ነው አልኳት። ደስ ይለዋል አለችኝ። እንጃ። አለምነውን አውቀዋለሁ፣ ሞኝ ብሎ ይሰድበኝ ይሆናል። ቢሰድበኝም በደብዳቤ ነው፤ ቢያንስ ደብዳቤ ይመጣልኛል።

ስመለስ በሜዳው በኩል አለፍኩ። ባዶ ነው፤ መረቡ በአንድ በኩል ረግቧል። ነገ አስር ሰዓት ልምምድ እንዳለ በትምህርት ቤቱ በር ላይ በኖራ ተጽፏል።

ማንም አልጠራኝም። ፊሽካዬን ከሳጥን አውጥቼ አጠብኩት።