የመጨረሻውን ሳጥን በካዝና ለቆለፉት ሊቀ መንበር

ለክቡር የሥዕል ታሪክ ሰብሳቢዎችና ሻጮች ማኅበር ሊቀ መንበር
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ይህ ጽሑፍ በሚደርስዎ ጊዜ እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ ከወንበርዎ በስተኋላ ያለው ትልቁ ካዝናም በመልካም ጤንነት ላይ እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። በተለይ የቀኝ እጅዎን አመልካች ጣት ጤንነት አጥብቄ እመኛለሁ፤ እንግዶችዎን ነጭ ጓንት ሳታጠልቁ ሥዕል እንዳትነኩ እያሉ ሲመክሩ፣ እርስዎ ግን ያችን ጣት በምላስዎ እያራሱ ገጹን ሲገልጡ በዓይኔ አይቻለሁና፣ ያለ እርሷ ማኅበሩ እንዴት እንደሚቆም አላውቅም።

ከዚህ ቀደም የጻፍኩልዎ ደብዳቤ መልስ ሳያገኝ ቢቀር፣ ከጉዳይዎ ብዛት የተነሳ ከሌላ ወረቀት ሥር ተቀብሮ ይሆናል ብዬ፣ ይህኛው በጋዜጣ እንዲወጣልኝ ለምኛለሁ። ጋዜጣ እርስዎ ባያነቡት እንኳ ጎረቤት ያነብልዎታል።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ላስረዳ። ከብዙ ዓመት በፊት በየሳምንቱ በሚወጣ አንድ መጽሔት ላይ «ባለቤት የሌለው ሻንጣ» የሚባል፣ እያንዳንዱ ገጽ በሳጥን በሳጥን ተከፋፍሎ በሥዕል የሚነገር ታሪክ ነበር። አንዲት የባቡር ጣቢያ ሻንጣ ተሸካሚ፣ አንድ መንገደኛ «አንዴ ጠብቂልኝ» ብሎ ጥሎባት የጠፋውን ሻንጣ ተሸክማ ባለቤቱን ፍለጋ ከከተማ ከተማ ትዞራለች። ታላቅ እህቴ ታይፒስት ነበረች፤ እኔ የሆስፒታል አንሶላ አጣቢ። ቤታችን ማስተማር የቻለው አንድ ልጅ ብቻ ስለነበር ዕድሉ ለእርሷ ደርሶ ነበር፤ ስለዚህ መጽሔቱ በወጣ ቁጥር በምሳ ሰዓት ወደ እኔ ትመጣና ከማጠቢያ ቤቱ ደረጃ ላይ ተቀምጠን ታነብልኝ ነበር። ለእያንዳንዱ ሰው የተለየ ድምፅ ነበራት፤ የጣቢያውን ሹም ስታነብ ልክ እንደ እርስዎ በአፍንጫዋ ትናገር ነበር። ታሪኩ ሊያልቅ አንድ ገጽ ሲቀረው መጽሔቱ ተዘጋ። ተሸካሚዋም የባለቤቱን አድራሻ አግኝታ ከአንድ ፎቅ ቤት ደጃፍ እንደቆመች ቀረች።

ዓመታት አለፉ፤ የእህቴን ዓይን የስኳር በሽታ ወሰደው። ያኔ ተራው የእኔ ነው ብዬ፣ ፀጉሬ ከሸበተ በኋላ የጎልማሶች ትምህርት ገባሁ፤ ጉልበቴ አልገባ ካለው የልጆች ዴስክ ጋር እየታገልኩ ፊደል ለየሁ። የመጽሔቱ ጽሑፍ ግን ለደከመው ዓይኔ የጉንዳን ሰልፍ ሆነብኝ። ሠዓሊው በእጃቸው የሠሩት ኦሪጅናል ገጽ ግን ከታተመው በእጥፍ የሚበልጥ ወረቀት ነው፤ አስፍተው ይሥሉታል፣ ማተሚያ ቤቱ ያሳንሰዋል። ፊደሉም በዚያው ልክ ትልቅ ነው። እኔ ሰብሳቢ የሆንኩት በዚህ ምክንያት እንጂ እንደ አባላትዎ ባዶ ግድግዳ ስለተረፈኝ አይደለም። አንድ አንድ ገጽ ከያለበት እያሰባሰብኩ፣ ጣቴን ከፊደሉ ሥር እያስኬድኩ ለእህቴ አነብላት ነበር። እርሷም «አንቺ፣ የጣቢያው ሹም እንዲህ የሚንተባተብ ሰው አልነበረም፤ ከእኔ ወዲህ ታሞ ነው ወይ» እያለች ትስቅብኝ ነበር።

እንዲህ እያልን ከመጨረሻው ገጽ ደረስን። ያ ገጽ አይታተም እንጂ ተሥሎ ነበር። ሐኪሙ «ከእንግዲህ ቤቷ ትሁን» ብሎ ካሰናበታት ወዲህ እህቴ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በሩን ማን እንደከፈተው። እኔም ይህን ለማወቅ ወደ ማኅበርዎ መጣሁ፤ ለተደረገልኝም ሁሉ እንደሚከተለው አመሰግናለሁ።

አንደኛ፤ የማኅበርዎን አንጋፋ አባል፣ በገበያው «መቀሱ» የሚባለውን ሻጭ አመሰግናለሁ። የመጨረሻው ገጽ በሠዓሊው የእህት ልጅ እጅ እንዳለ ሰምቼ ስሮጥ፣ እሱ ቀድሞኝ ወስዶት ነበር። ሱቁ ስገባ በስድስት ሳጥን የተሣለውን አንድ ወረቀት በስድስት ቆራርጦ፣ እንደ ሥጋ በየብልቱ ለይቶታል፤ ስድስተኛው ቀድሞ ተሸጦ ወጥቷል፣ የቀሩትንም ፊታቸውን ደፍቶ በየቦታው አኑሯቸዋል። ሠዓሊው በእርሳስ ማስታወሻ የጻፉበት ኅዳግ መሬት ላይ ወድቋል፤ በአንዱ ቁራጭ ላይ እስክሪብቶ ይጽፍ እንደሆነ ተሞክሮበታል፣ ሌላው ታጥፎ ከሚወዛወዘው ጠረጴዛ እግር ሥር ገብቷል። የታማሚ አንሶላ ሳጥብ የኖርኩ ሴት ነኝና ሰው ዓይኑን የሚያዞርበትን ሁሉ አይቻለሁ፤ በዚያ ሱቅ ግን እኔም ዓይኔን አዞርኩ። ለምን እንደቆረጠው ብጠይቀው «እማማ፣ ሙሉውን ብሸጠው አንድ ሰው ደስ ይለዋል፤ ስቆርጠው ግን ስድስት ሰው ደስ ይለዋል» አለኝ። ለሕዝብ ደስታ እንዲህ የሚጨነቅ ነጋዴ ስላፈራችሁልን እግዜር ይስጥልን።

ሁለተኛ፤ ማኅበሩ ለስድስቱም ቁራጭ «ሙሉና ያልተነካ ኦሪጅናል» የሚል የምስክር ወረቀት ስለሰጠ አመሰግናለሁ። የምስክር ወረቀቱ እንዳይለይ በሚል ጥንቃቄም፣ ሐምራዊው ማኅተም በእያንዳንዱ ሥዕል ላይ ተመቷል። በአራተኛው ሳጥን ላይ ያረፈው ከተሸካሚዋ ፊት ላይ ነው። ሠዓሊው በቀጭን ብዕር የሠሩት ያ የደከመ ፊት አሁን የለም፤ በአፍንጫዋ ቦታ «ትክክለኛ መሆኑ ተረጋግጧል» የሚል ይነበባል። ማኅተም የሚመታውን ሠራተኛ ስጠይቀው «እኔ ባዶ ቦታ ነው የመሰለኝ» አለኝ። በዚህ አልቀየምኩትም፤ ደመወዙን የሚከፍሉትም ቢሆኑ ሥዕልን ከባዶ ቦታ የሚለዩ አልመሰለኝም።

ሦስተኛው ምስጋና ለራስዎ ነው፤ ስድስተኛውን፣ ማለትም በሩ የተከፈተበትን ሳጥን እርስዎ ገዝተው ካዝና ውስጥ ቆልፈውታል። ቢሮዎ ደጅ ስጠና ከርሜ በገባሁ ቀን ልገዛ እንዳልመጣሁ፣ ፎቶ እንደማላነሳ፣ ከእርስዎ ፊት ቆሜ አንድ ጊዜ ብቻ አንብቤ እንደምሄድ፣ የሚሰማኝም በአልጋ ላይ ያለች አንዲት ዓይነ ስውር ብቻ እንደሆነች ነገርኩዎ። እርስዎም ጥርስዎን እየጎረጎሩ በታላቅ ትዕግሥት ካደመጡኝ በኋላ፣ «እናቴ፣ ይኼ እኮ የሚነበብ ነገር አይደለም፤ የሚሰበሰብ ነው» አሉኝ። አክለውም ዋጋው ያለው ማንም ባለማንበቡ ላይ እንደሆነ፣ ዛሬ ለእህቴ ብነግራት ነገ አገር ሰምቶት እንደሚረክስ አስረዱኝ። የጎረጎሩበትን ስንጥርም ከሌላ የእጅ ሥራ ሥዕል ላይ አኖሩት። እኔ ፊደል ዘግይቼ ስለቆጠርኩ፣ የተጻፈ ነገር እንዳይነበብ ተብሎ እንደሚገዛ እስከዚያች ቀን ድረስ አላውቅም ነበር። ትምህርት መቼም አያልቅም፤ ስላስተማሩኝ አመሰግናለሁ።

አራተኛ፤ የሠዓሊው አድራሻ እንዲሰጠኝ ብለምን፣ ገዢና ሠዓሊ ፊት ለፊት ከተገናኙ ገበያው ይበላሻል ተብሎ ስለተከለከልኩ አመሰግናለሁ። የእህታቸው ልጅም አጎቱ አእምሯቸውን እንደሳቱ፣ ሰው እንደማይለዩ በማኅበሩ ኮሪደር ላይ ነግሮኛል። ሲነግረኝ አዲስ ጫማውን እያየ ነበር።

እንግዲህ የቀረኝ አምስቱን ሳጥን ከየገዢው ደጅ መልቀም ነበር። ዓይኔን በጨው አጥቤ ሄድኩ። አንደኛው ከጥርስ ሐኪም ማረፊያ ክፍል፣ ሌላው ከጸጉር ቤት ማድረቂያ ካስክ በላይ ተሰቅሎ አገኘሁት፤ ባለቤቶቹም ከእርስዎ በተለየ መልኩ ምንም ሳይከብዳቸው «ያንብቡ እንጂ» አሉኝ። የጥርስ ሐኪሙ የገዛው ሥዕል ጽሑፍ እንዳለው ያወቀው እኔ ጮክ ብዬ ሳነበው ነው። ቃሉን እየሸመደድኩ በአውቶቡስ ወደ ቤት ተሸክሜ እመለሳለሁ፤ እህቴ ዓይኗን ወደ ጣራው አድርጋ ትሰማለች። ተሸካሚዋ ደረጃውን ወጣች፤ ሻንጣውን አስቀምጣ ላቧን ጠረገች፤ አንኳኳች፤ ከውስጥ የእግር ኮቴ ተሰማ፤ ቁልፍ ተንቀጫቀጨ። ከዚያ በኋላ ያለው የእርስዎ ካዝና ነው። እህቴም በየቀኑ፣ ድምጿ እየቀጠነ፣ «ከፈተላት?» ትለኛለች። እኔም «ቆይ፣ ቁልፉ ዝጎበት ነው» እላታለሁ። ክቡር ሆይ፣ የሞት አልጋ ላይ ላለ ሰው እንዲህ ብለው ያውቃሉ?

አምስተኛውን ምስጋና የማቀርበው ለእርስዎ ሳይሆን ሦስተኛውን ሳጥን ለገዛው ጎሚስታ ነው፤ ከእርስዎ ዝርዝር ውስጥ ስለገባ ይቅርታ ይደረግለት። ሥዕሉን ከጎማ መንፊያው በላይ በላስቲክ ሸፍኖ ሰቅሎታል። ለምን እንደገዛው ስጠይቀው «የአባ ቀለም እጅ ስለሆነ ነዋ» አለኝ። አባ ቀለም ማን እንደሆኑ ብጠይቅ ሠዓሊው ራሳቸው ሆነው ተገኙ። አእምሯቸውን ስተዋል መባሉን ስነግረው ሳቀ፤ «የአረጋውያን መጦሪያው እኮ ይኸው ከዚህ አጥር ወዲያ ነው። ከሰዓት ከሰዓት እየመጡ እዚች ጎማ ላይ ይቀመጣሉ። አእምሯቸው እንደሆነ ከእኔም ከአንቺም ይሻላል፤ የሳቱት የእህታቸውን ልጅ ብቻ ነው፣ እሱንም ፈልገው ነው» አለኝ። ሲመጡ ጠበቅኳቸው። ነገሩን ስነግራቸው ጎሚስታውን «መኪናህን አስነሳ» አሉት።

እህቴ አልጋ አጠገብ ወንበር ስበው እንደተቀመጡ ስለ ጤናዋ እንኳ ሳይጠይቁ እርሷ ቀደመቻቸው፤ «ጋሼ፣ በሩን ማን ከፈተው?» አለቻቸው። እርሳቸውም የመጽሔቱ አዘጋጅ ያዘዛቸውን ነገሯት። ባለቤቱ የተከበረ ትልቅ ሰው እንዲሆን፣ ሻንጣውን ሳያያት እንዲቀበላት፣ እርሷም ወገቧን አጉብጣ «ስለታመንኩ አመሰግናለሁ» እንድትል ታዘው ነበር። «ልጆች ነበሩኝ፣ ሣልኩት። ከዚያ ወዲህ ያንን ሳጥን ባሰብኩት ቁጥር ራሴን ያስጠላኛል» አሏት። ከዚያ ሠዓሊው «አንቺ ብትሆኝ እንዴት ታደርጊው ነበር?» ብለው ጠየቋት።

«ማንም አይክፈት» አለች። «እስካሁን ሳይፈልጋት የኖረ ሰው አሁን ምን ሊሆናት ነው። ይቺ ሴት ዕድሜዋን ሙሉ የሰው ዕቃ ተሸክማ አንድ ቀን አረፍ ስትል አላየሁም። ሻንጣው ላይ ትቀመጥ።»

ሠዓሊው ሳቁ፤ ሳቃቸው ወደ ሳል ተለወጠ። ጎሚስታው ጎማ ላይ ምልክት የሚያደርግበትን ወፍራም ማርከር አቀበላቸው። እጃቸው አርጅቷልና ሻንጣው ትንሽ ጎብጧል፣ ደረጃውም ቀጥ አላለም። ሴትዮዋ ግን ተቀምጣለች፤ ጫማዋን አውልቃለች፤ በሩ ተዘግቷል። የእህቴን ጣት ይዘው በመስመሩ ላይ አስኬዱላት። «እዚህ ጋ ምን ትላለች?» አለች፣ ጣቷ ቃል ከሚጻፍበት ክብ ሲደርስ። «ምንም። ትተንፍስ ብዬ ባዶ ተውኩት» አሏት። እህቴ «አሁን ገና ሆነ» አለች፤ ሳምንቱም ሳይሞላ አረፈች።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ ልመናዬን በዚህ ደብዳቤ ትቼዋለሁ። ካዝናዎን እንዳይከፍቱ፣ በእኔም ምክንያት እንዳይጨነቁ። ሠዓሊው በሕዝብ ፊት እንድጽፈው እንደፈቀዱልኝ፣ እርስዎ ዘንድ የተቆለፈው የታሪኩ መጨረሻ አይደለም፤ አዘጋጁ ያዘዘው፣ እርሳቸውም የተጸየፉት ሥራ ነው። ምን እንደሚል ደግሞ ይኸው ዛሬ አገር አነበበው፤ ረክሶብዎ ከሆነ አዝናለሁ። ሆኖም እንዳይጥሉት። አንድ ትልቅ ሰው በር ላይ ቆሞ፣ አንዲት ደካማ ሴት በፊቱ ጎንበስ ብላ ስታመሰግነው የሚያሳይ ሥዕል እንደ እርስዎ ቢሮ የሚስማማው ግድግዳ አላውቅም።

ለማኅተምዎ ቀለም፣ ለመቀሱ ስለት፣ ለካዝናዎ ጽኑ ጤንነት እየተመኘሁ፣ ከወገቤ ሳልጎነብስ በታላቅ አክብሮት እሰናበታለሁ።

የቀድሞ የሆስፒታል አንሶላ አጣቢ፣
የአንዲት ታይፒስት ታናሽ እህት

ሳልገልጽ የቀረ፦ ሠዓሊው አዲሱን ሳጥን ሲሥሉ ቤታችን ውስጥ ወፍራምና ንጹሕ ወረቀት ያገኘነው አንድ ብቻ ነበር፤ ማኅበርዎ በየዓመቱ በነጻ የሚያድለው፣ የእርስዎ ትልቅ ፎቶግራፍ ያለበት የግድግዳ ካላንደር። የተሣለው በጀርባው ነው። አሁን ፍሬም ገብቶ ተሰቅሏል፤ ፊትዎ ወደ ግድግዳው ነው። ማየት የሚፈልግ ሁሉ መጥቶ ያነበዋል፤ እርስዎም ቢመጡ በሩ ክፍት ነው፣ ጣትዎን ብቻ ደጅ ላይ ጠረግ ያድርጉ።