ስለ ኦቾላ ቦት ጫማ

ይድረስ ለክቡር ኦዴሮ ንያጉዲ፣ የሐይቁ ነፍስ አድን ጣቢያ ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ለእርስዎና ለቤተሰብዎ ጤና እመኛለሁ፤ የሰርጉ ድካምም እንደለቀቀዎት ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ የጣቢያዎ የሬዲዮ ሠራተኛ አፖንዲ ነኝ።

ባለፈው ወር የገበያ ጀልባ ተገልብጦ አሥራ አንድ ሰው አትርፈን አንዲት የሰባት ዓመት ልጅ ባጣን ማግስት፣ በክብ አስቀምጠውን፣ ሶዳና ማንዳዚ የሚባለውን ትኩስ ጥብስ ዳቦ ጋብዘውን፣ የሆነውን እየተነጋገርን ልባችንን እንድናሳርፍ ስላደረጉን እናመሰግናለን። «እዚህ የተነገረ እዚህ ይቀራል» ያሉትን አምነን ብዙዎቻችን አልቅሰናል። ቅሬታዎቼ ግን እነዚህ ናቸው።

1. ጥግ ላይ የተቀመጠችው ወጣት ሻይ ልትቀዳ እንደመጣች ነግረውን ነበር። አጠገቤ የነበረው ኦኬዮ «ይቺ ልጅ ሻዩን በእስክሪብቶ ነው እንዴ የምትቀዳው?» ሲለኝ በክርኔ ጎሸምኩት። ይቅርታ ጠይቄዋለሁ።

2. ጠላቂያችን ኦቾላ «ወደዚያች ቀን ብትመለስ ምን ትቀይራለህ?» ተብሎ ሲጠየቅ፣ ፊቱን በመዳፉ ሸፍኖ «ቦት ጫማዬን ሳላወልቅ ብዘል ኖሮ እደርስላት ነበር» አለ። ሐዘን ያንገበገበው ሰው እንዲህ ይላል፤ እኔም እናቴ ስትሞት ብዙ ብያለሁ። በሳምንቱ የእገዳ ደብዳቤ ደረሰው፦ «ሠራተኛው ጫማ በማውለቅ ጊዜ ማባከኑን በራሱ አንደበት አምኗል።»

3. በአደጋው ዕለት የሞተር ጀልባው መጋዘን ቁልፍ በእርስዎ ኪስ ሰርግ ቤት ስለ ነበር፣ ስምንት ሰዓት ከአሥር ላይ ደውዬልዎ ቁልፉ ለዘጠኝ ሰዓት አምስት ጉዳይ ሲል እንደደረሰ፣ ኦቾላም ሳይጠብቅ በዓሣ አጥማጆች ታንኳ ቀዝፎ እንደሄደ መዝገቤ ያሳያል። ይህንኑ በክቡ መሐል ጮክ ብዬ ተናግሬ ነበር፤ ከክቡ በተጻፈው ሪፖርት ላይ ግን አጣሁት። ምናልባት ያኔ የሻይ ቀጂዋ እስክሪብቶ ቀለም ጨርሶ ይሆናል።

ኦቾላን ወደ ሥራው እንዲመልሱት በትሕትና እየጠየቅሁ፣ ለሰው ለቅሶ የሰጡት ያ ንቁ ጆሮ እንዳይጎዳብን የምጸልይ፣ በሚቀጥለው ክብ ማንዳዚዬን ብቻ በልቼ የምሄድ፣

አክባሪዎ አፖንዲ ሜሬሳ

ተጨማሪ፦ እሑድ ዕለት አንድ ታንኳ ተገልብጦ፣ የታገደው ኦቾላ ከዳርቻው ላይ ከነቦት ጫማው ዘለለ። ውሃ የሞላው ጫማ ወደ ታች ጎተተው፤ ራሱን እንደሳተ ያወጣነው እኛ ነን። እስካሁን ሆስፒታል ነው። ጊዜ አለማባከኑን በመዝገብዎ ያስፍሩልን።